ስሙ እንግዳ፣ ግሱ ባለቤት

ጌታቸው መኩሪያን አገር የሚያውቃቸው በሳክስፎን ነው። የአንበሳ ጎፈር ደፍተው፣ ካባ ደርበው፣ በቴነር ሳክስፎን ሽለላ ሲያወርዱ ያየ ሰው ሌላ መሣሪያ ነክተው የሚያውቁ አይመስለውም። ይሁንና መጋቢት 5 ቀን 1927 ዓ.ም. ይፋት ላይ የተወለዱት ጋሽ ጌታቸው ጨዋታውን የጀመሩት በክራርና በመሰንቆ ነው፤ ክላርኔትና ሳክስፎን ከዚያ በኋላ መጡ። እ.ኤ.አ. በ1949 የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ሲቀበላቸው ገና አሥራ አራት ዓመት ገደማቸው ነበር። ክራር፣ መሰንቆ፣ ክላርኔት፣ ሳክስፎን፦ አንድ ሰው በአንድ ዕድሜ ያገላበጣቸው እነዚህ ስሞች የመጡበት መንገድ ለየቅል ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ከስሞቹ ኋላ የቆመው ግስ ነው።

አማርኛ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን ግስ መድቦለታል። ክራር ይመታል፤ በገና ይደረደራል፤ ነጋሪት ይጎሰማል፤ ዋሽንት፣ እምቢልታና መለከት ይነፋሉ። ክላርኔት ከባሕር ማዶ ሲመጣ ስሙን ይዞ መጣ እንጂ ግስ ይዞ አልመጣም። የትኛው ግስ ይገባዋል ብሎ ጉባኤ የተቀመጠም የለም። በአፍ የሚያዝ፣ ትንፋሽ የሚሻ፣ ጣት የሚደፍንና የሚከፍት ቀዳዳ ያለው ነገር ስለሆነ ከዋሽንቱ ጎን ቆመና «ይነፋል» ተባለ። ሳክስፎንም ተከተለ፤ ትራምፔቱም፣ ትሮምቦኑም እንደዚሁ። ስም ያለ ዋስ እንበደራለን፤ ግስ ግን ከቤት ነው። የዛሬ ጋዜጣ «ሳክስፎን ተጫዋች» ሲል አያለሁ። ነውር የለውም፤ ይሁን እንጂ ሙያው ውስጥ ያደጉት ሰዎች እርስ በርሳቸው «እገሌ ጥሩ ይነፋል» ነው የሚባባሉት፤ እኔም የእነሱን እመርጣለሁ። ተጫወተ ሲባል ኳስም አለ፣ ካርታም አለ፣ ወሬም አለ። ነፋ ሲባል ደረት ነው።

ነፋ ራሱ አንድ ግስ አይደለም፤ ሁለት ነው። ግእዝ ላይ ነፍኀ አለ፣ ትንፋሽ አወጣ፣ እፍ አለ ማለት ነው። ነፈየም አለ፣ እህል ወይም ዱቄት አበጠረ፣ ለየ ማለት ነው። አማርኛ የግእዝን የጉሮሮ ድምፆች እየዋጠ ሲሄድ የነፍኀ «ኀ» ጠፋች፤ የነፈየም «የ» ቀለጠች፤ ሁለቱ ቃላት ተገናኝተው «ነፋ» ሆኑ። ስለዚህ እናት ዱቄት ትነፋለች፣ ልጅ ዋሽንት ይነፋል፣ ቋንቋው ልዩነት አያይም። የድሮው ልዩነት ግን ዕቃዎቹ ላይ ታትሞ ቀርቷል። የቀጥቃጩ ወናፍ ከመጀመሪያው ሥር ነው፤ የወጥ ቤቱ ወንፊት ከሁለተኛው። ሁለቱም መጀመሪያቸው «መ» ነበር፤ ኋላ ላይ ያለችው ከንፈር የምትነካ ድምፅ «መ»ን ገፍታ «ወ» አደረገቻት፤ መንበር ወንበር የሆነው በዚሁ ሕግ ነው። ነፋስ፣ ነፍስና መንፈስ ደግሞ በሌላ በኩል ከነፍሰ ወጥተው ጎረቤት ሆነዋል። ዕብራይስጥም እንደኛው ናፋሕንና ኔፌሽን፣ እፍታንና ነፍስን፣ በቅርብ አስቀምጧል። የሴም ልጆች ትንፋሽን ከሕይወት ለይተው ማሰብ የሚከብዳቸው ይመስለኛል።

ወደ ስሙ እንምጣ። ክላርኔትን የሠራው ዮሐን ክሪስቶፍ ዴነር የተባለ የኑረንበርግ የእንጨት መሣሪያ ሠሪ ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1700 ገደማ። ስሙ የጣሊያንኛ ማሳነሻ ነው። ክላሪኖ ይሉት የነበረው ከፍ ብሎ የሚጮኸውን ጥሩምባ ሲሆን ክላሪኔቶ ደግሞ ትንሹ ክላሪኖ ነው፤ እኛ ብንሆን «ጥሩንቢት» የምንላት ዓይነት። ምክንያቱን ዮሐን ጎትፍሪድ ቫልተር እ.ኤ.አ. በ1732 ባሳተመው የሙዚቃ መዝገበ ቃላት ጽፎታል፤ ከሩቅ ሲሰሙት ጥሩምባ ይመስላል ነው ያለው። የክላሪኖ ሥር የላቲኑ ክላሩስ ነው፦ የጠራ፣ ብሩህ። ሮማውያን ቃሉን አስቀድመው ለድምፅ፣ ቀጥለው ለብርሃን፣ ኋላም ስሙ ለተጠራ ሰው አዋሉት፤ የሥሩ ሥር ደግሞ መጣራት ነው።

እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢ ቆም ማለት አለበት። «ጠራ» የሚለውን ግስ ይውሰድ። ሰማይ ጠራ፤ ድምፁ ጠራ፤ ውኃው ጠራ። እናት ልጇን ጠራች። አንድ ቃል ነው? አይደለም፤ ይህም እንደ ነፋ ሁለት ነበር። ግእዝ ላይ ጸርሐ ጮኸ፣ ተጣራ ነው። ጸርየ ነጻ፣ ንጹሕ ሆነ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ጽሩይ የሚለውን ያውቃል። «ጸ» ወደ «ጠ» ሲወርድ፣ «ሐ» ሲደርቅ፣ «የ» ስትጠፋ ሁለቱ ግሶች አንድ መልክ ያዙ። ልዩነታቸው ከልጆቻቸው ይታያል፤ ከጸርሐ በኩል «ጥሪ» ተወለደ፣ ከጸርየ በኩል «ጥሩ»። ጥሩ ወርቅ የምንለው መልካም ወርቅ ለማለት ሳይሆን ያልተቀየጠ ለማለት ነው። ላቲን አንዱን ሥር ከጥሪ ወደ ጥራት ይዞት ሄደ፤ አማርኛ ሁለት ሥሮች አጋጭቶ እዚያው ደረሰ። በመንገድ አይገናኙም፤ ዝምድናም የላቸውም። ግን የክላርኔትን ስም ለመተርጎም የተሻለ ቃል ፈልጎ የሚያገኝ ካለ ይምጣ፦ የሚጠራ ነው፣ በሁለቱም ትርጉም። (ጥሩንባን ከጥሩ ጋር ማዛመድ የሚያምረውን ሰው ግን ከወዲሁ ላስጠንቅቅ፤ ጥሩንባ የጣሊያንኛው የትሮምባ ቤተሰብ ነው።)

የብርሃንና የድምፅ ነገር ከተነሣ ደብረ ብርሃን አትታለፍም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ብለው ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ከተማ ያደረጓት ናት፤ ጊዜውን እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ጋር የሚያያይዙት ብዙ ናቸው። ደብር በግእዝ ተራራ ነው፤ ገዳምና ታላቅ ቤተ ክርስቲያን መባል የመጣው ኋላ፣ ገዳማቱ ተራራ ስለሚወዱ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ አንኮበር ላይ የቆመ ሰው ከእግሩ ሥር የይፋትን ቆላ ያያል፤ ከዚያ ወዲያ አፋር ነው። የአንኮበርን ስም በሸዋ ነገሥታት ዘመን የመጡ የውጭ ተጓዦች ጭምር «አንኮ በር» ብለው ፈትተው ጽፈውታል፤ አንኮ የአንዲት ባላባት ሴት ስም ነው ይላል አፈ ታሪኩ። በር ያው በር ነው፤ ጣርማ በርም ከዚያው መስመር ላይ አለ። ይህ አገር ደጋው በበር ወደ ቆላው የሚወርድበት ነውና ስሙ ሁሉ በር በር ይላል።

ክላርኔት ሁለት ድምፅ አለው ይባላል። ላይኛው ያ የጥሩምባ ስም ያሰጠው ጥርት ያለው ነው። ታችኛው ወፍራም፣ ጥቁር፣ ትንሽ ጎርነን ያለ ነው፤ ይህን ክፍል የሙያው ሰዎች ሻሉሞ ይሉታል። ሻሉሞ ከክላርኔት በፊት የነበረ የትንፋሽ መሣሪያ ስም ነው፤ ዴነር ክላርኔትን ያወጣው ያንን አሻሽሎ ነው። ቃሉ ከፈረንሳይኛ ወደ ላቲን ካላሜሉስ፣ ከዚያ ካላሙስ፣ ከዚያ ወደ ግሪክ ካላሞስ ይወርዳል፦ ሸምበቆ። ግሪኩ ካላሞስ ግን አንድ መንገድ ብቻ አልሄደም። ሸምበቆ ተቀርጾ ብዕር ስለሚሆን ዐረብኛ «ቀለም» ብሎ ወሰደው፤ ግእዝም ተቀበለው። እኛ ጋ ሲደርስ ከእንጨቱ ወደ ፈሳሹ ተሻገረና ቀለም ሆነ፤ ከፈሳሹ ደግሞ ወደ ትምህርት ተሻገረና የቀለም ትምህርት፣ የቀለም ሰው፣ የቀለም ቀንድ አልን። እንግዲህ የክላርኔት ወፍራም ድምፅና የየኔታ ቀለም የአንድ ሸምበቆ ልጆች ናቸው። የእኛው ብዕርም ቢሆን ታሪኩ ይኸው ነው፤ ግእዙ ብርዕ አገዳ፣ ሸምበቆ ማለት ሲሆን ሁለት ፊደል ቦታ ተለዋውጠው ብዕር ሆነ።

ይህ በቃል ብቻ የቀረ ዝምድና አይደለም። ክላርኔት አፉ ላይ አንዲት ስስ ቅርፊት ትታሰርበታለች፤ ሙዚቀኞች ሪድ ይሏታል። የሚነፋው ሰው ሲተነፍስ የምትርገበገበው እሷ ናት፤ ድምፁን የምትወልደው እሷ ናት፤ የቀረው ቱቦ የሚያገለግለው ድምፁን ለመቅረጽ ነው። ሪድ የሚሠራው በሳይንስ ስሙ አሩንዶ ዶናክስ ከሚባል ተክል ነው፤ ከሁሉ ይሻላል የሚባለው በደቡብ ፈረንሳይ ቫር አውራጃ ይበቅላል። አሩንዶ ዶናክስ በአማርኛ ምን እንደሚባል መጽሐፍ ብትገልጡ የምታገኙት ሸምበቆ ነው። ዋሽንት የሚሠራበት ሸምበቆ ማለት ነው። እረኛው ሙሉውን ቆርጦ ቀዳዳ ያወጣለታል፤ ፈረንሳዩ ስሱን ልጦ ይሸጠዋል።

ከሸምበቆ ወደ ዜማ ለመሻገር ዘመረን መያዝ ይበጃል። በግእዝ ዘመረ በዜማ አመሰገነ ነው፤ መዝሙር፣ ዝማሬ፣ ዘማሪ ከዚህ ናቸው። አዝማሪም ከዚህ ነው፤ አንዱ ሥር መቅደስ ውስጥ ሲቀር ሌላው ጠጅ ቤት ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ሰው ሁለቱን ወንድማማቾች ማገናኘት አልፈለገም። ዕብራይስጥ ላይ ዛማር አውታር መምታትን ያመለክታል። ዐረብኛ ግን ሥሩን ወደ ትንፋሽ መሣሪያ ወሰደው። ሚዝማር የሚባለው በሪድ የሚነፋ መሣሪያ ነው፤ በግብፅ ዙማራ የሚባለው ደግሞ ጥንድ ሸምበቆ ሆኖ በያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ሪድ ያለው፣ መሣሪያ አጥኚዎች ከክላርኔት ዘር የሚመድቡት ነው። መዝሙረ ዳዊትና ዙማራ የአንድ ሥር ቅርንጫፎች መሆናቸውን የሚያስብ መዘምር ምን ያህል እንደሚሆን አላውቅም፤ አዝማሪ የሚለውን ስድብ አድርጎ የሚጠቀም ሰው ግን ቢያስበው አይጎዳም።

ጋሽ ጌታቸው የተወለዱበት ይፋት ለእንዲህ ያለው መጋጠም የተመቸ አገር ነው። ዐረብ ጸሐፍት ኢፋት፣ አውፋት እያሉ የሚጠሩት፣ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የተቀመጠበት ሱልጣኔት ነበረ፤ ዐፄ ዓምደ ጽዮን በ14ኛው መቶ ዘመን የዘመቱበት። ንግዱ በዚህ ያልፋል፤ የዐረብኛ ቃል በዚህ ይወጣል፤ የደጋ ቃል በዚህ ይወርዳል።

መሰንቆም የራሱ ስደት አለው። ግእዙ ሰንቀወ አውታር መታ ነው፤ በመጻሕፍት መሰንቆ ሲባል ባለ ብዙ አውታር መሣሪያ ይታሰባል። ሕዝቡ ግን ስሙን ወስዶ በቀስት ለሚመታው ባለ አንድ ክሩ ሰጠው። ክላሪኖም ከብረቱ ጥሩምባ ወርዶ የእንጨቱ ክላርኔት ላይ እንዳረፈ ሁሉ፣ መሣሪያ ሲያልፍ ስሙ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም፤ ሌላ ይፈልጋል። የአገር ቤት ስሞች አንድ ጠባይ አላቸው፤ አብዛኞቹ ከግስ የተወለዱ ናቸው። ነጋሪት ከነገረ ነው፤ ተናጋሪ ማለት ነው፤ አዋጅ ሲታወጅ የሚጎሰመው እሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1942 የሕግ ማወጃው ጋዜጣ ሲቋቋም «ነጋሪት ጋዜጣ» መባሉ ከዚህ ነው። መጥቅዕ ከጠቅዐ ነው፤ ቀንድ ነፋ፣ ደወለ። ዛሬ የሚኖረው በዘመን መቁጠሪያው በባሕረ ሐሳብ ውስጥ ከአበቅቴ ጋር ነው።

በአንኮበር የሸዋ ነገሥታት ግቢ ነጋሪት፣ እምቢልታና መለከት የሥልጣን ምልክቶች ነበሩ። እምቢልታ ብቻውን አይነፋም። በሦስት ነው የሚሄደው፤ እያንዳንዱ አንድ ሁለት ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ዜማው የሚገኘው እየተቀባበሉ ሲነፉ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1839፣ ኢዘንበርግና ክራፕፍ የተባሉ ሚስዮናውያን ሸዋ ገቡ፤ ኢዘንበርግ ከሁለት ዓመት በኋላ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን ለንደን ላይ አሳተመ። ሸዋ ለመዝገበ ቃላት ዕድለኛ ናት። ኪዳነ ወልድ ክፍሌም ደስታ ተክለ ወልድም የሸዋ ሰዎች ናቸው፤ የኪዳነ ወልድን የግእዝ መዝገበ ቃላት ለኅትመት ያበቁት ደስታ፣ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገብ በ1962 ዓ.ም. አወጡ። ነፋና ጠራን የመሰለ ጉዳይ ለሚያሳድድ ሰው ከእነዚህ ሁለት መጻሕፍት ውጭ መጠጊያ የለም።

የነሐስ መሣሪያ በብዛት የመጣው ከዐድዋ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 የሩሲያው ዛር ዳግማዊ ኒኮላስ ለዐፄ ምኒልክ አርባ መሣሪያዎች ላኩ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1924 ደግሞ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች አስመጡ፤ «አርባ ልጆች» ተብለው የቀሩት ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱ ሲሆን፣ የወንድማቸው ልጅ ነርሰስ ናልባንዲያን የማዘጋጃ ቤቱንና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን ሙዚቀኞች አሠለጠኑ። ቃላቱ እንግዲህ በአርመን አፍ፣ በፈረንሳይኛ መጽሐፍ፣ በጣሊያንኛ ጨዋታ ነው የገቡት። ማርሽ የሰልፍ ሙዚቃ ሆነ፤ የመኪና ማርሽም ሆነ፤ ጣሊያንኛው ማርቻ፣ ፈረንሳይኛውም ማርሽ ሁለቱንም ይሸከማሉና። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሾፌር ጣርማ በር ላይ የሚቀይረው ማርሽ ከሙዚቀኛው ማርሽ ጋር ሥጋ ዘመድ ነው።

ዘፈንና ኦርኬስትራ ደግሞ ሳይተዋወቁ ተመሳሳይ ዕጣ ደርሷቸዋል። ዘፈነ በግእዝ ጨፈረ፣ በእግሩ ተጫወተ ማለት ነው፤ በማቴዎስ ወንጌል የሄሮድያዳ ልጅ «ዘፈነች» የተባለችው ስለ ጭፈራዋ እንጂ ስለ ድምፅዋ አይደለም። አማርኛ ቃሉን ከእግር ወደ አፍ አወጣው። ኦርኬስትራም በግሪክ የጭፈራ ሜዳ ነበር፤ ኋላ ሜዳው ላይ ለሚቀመጡት ሙዚቀኞች ስም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1955 ጋሽ ጌታቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን ኦርኬስትራ ሲቀላቀሉ፣ በ1965ም ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ሲዛወሩ፣ የገቡት የቆመ ሥርዓት ያለው፣ ኖታ የሚያነብ ቤት ነው። ቤቱ ማርሽ ይላል፣ ቫልስ ይላል፣ ቻቻ ይላል። እሳቸው ውስጥ ግን ሌላ ግስ ነበር።

ያ ግስ ሸለለ ነው። ከተማ ያደገ ሰው ሽለላ፣ ቀረርቶና ፉከራ ሲባል አንድ ነገር በሦስት ስም የተጠራ ይመስለዋል። አይደለም። ሽለላ ዜማ አለው፤ ወኔ ይቀሰቅሳል፤ ሌላውም አብሮ ሊቀበለው ይችላል። ቀረርቶ ከአቅራራ ነው፤ ምት አይቆጥርም፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ እያንቀጠቀጠ፣ እየጎተተ፣ ትንፋሽ እስኪያልቅ የሚለቀቅ ነው። ፉከራ ከፎከረ ነው፤ እዚያ ዜማው ይቀርና ንግግር ይሆናል፤ ፎካሪው ወዲያ ወዲህ እያለ የገደለውን፣ የአባቱን ስም፣ የመሣሪያውን ስም ይጠራል። ግእዝ የሚያውቅ ሰው ፈከረ የሚለውን አይቶ ሊሳሳት ይችላል፤ ያ ፈታ፣ ተረጎመ ነው፤ ፍካሬ ኢየሱስ የሚባለው መጽሐፍ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ሦስቱም የአፍ ናቸው። በመሰንቆ ሊታጀቡ ይችላሉ፤ በልማድ ግን መሣሪያ ብቻውን አይሸልልም ነበር፤ ሽለላ ቃል ይፈልጋል፤ የሚሸልል ሰው የሚለው ነገር አለው።

ጋሽ ጌታቸው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያደረጉት ቃሉን ማውጣት ነው። ግጥሙን ተዉትና የተጎተተውን፣ የተንቀጠቀጠውን፣ ሲያልቅ የሚሰበረውን ትንፋሽ ሳክስፎን ውስጥ ከተቱት። መሣሪያው ለዚህ ተመቸ፤ ሪድ ያለው ነውና እንደ ጉሮሮ ይርገበገባል፣ ከንፈር ሲላላ ይወርዳል፣ ሲጠብቅ ይጮኻል። ማዘጋጃ ቤት ያስተማራቸው ጣት ነው፤ ይፋት የሰጣቸው ደግሞ ትንፋሽ። ከዚያ በኋላ ሳክስፎን ይነፋል ብቻ አልተባለም፤ ሸለለ ተባለ። የውጭው ስም ሁለተኛ የአገር ቤት ግስ አገኘ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ዜግነት ለአንድ ቃል ምን ይሰጠዋል?

የውጭ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ጃዝ አሉት። ሳክስፎን ነፊዎቹን አልበርት አይለርን፣ ኦርኔት ኮልማንን ጠሩ፤ ነጻ ጃዝ የሚባለው ከመሰማቱ በፊት አዲስ አበባ ላይ ይህ ነበር ወይ ብለው ተደነቁ። ማነጻጸሩ ክፉ አይደለም፤ ግን የሽለላን ዕድሜ በሳክስፎን ዕድሜ መለካት ይሆናል። ጃዝ ራሱ በዕድሜ ሕፃን ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 በካሊፎርኒያ ጋዜጣ ላይ ብቅ ሲል የሚያወራው ስለ ቤዝቦል ነበር፤ በዓመቱ ወኔ፣ ጉልበት፣ ሞቅታ ማለት ሆነ፤ ለሙዚቃ የዋለው ቺካጎ ላይ በ1915 አካባቢ ነው። የመጀመሪያው የጃዝ ሸክላ በ1917 ሲወጣ የባንዱ ስም ላይ የተጻፈው «ጃዝ» ሳይሆን «ጃስ» ነበር፤ ከዚያ ሸክላ በአንዱ ወገን ላሪ ሺልድስ የተባለው ክላርኔት ነፊ እንደ አውራ ዶሮ ይጮኻል። አማርኛ ውስጥ ጃስ ውሻ ለማደፋፈር የሚባል ቃል ነው፤ «ጃስ በለው!» ያልተባለበት ግቢ የለም። አይዛመዱም፤ ግጥምጥሞሽ ነው። ግን ለወኔ መቀስቀሻ ሁለት አገር አንድ ድምፅ መምረጡ ፈገግ ያሰኛል።

በኒው ኦርሊየንስ የድሮ ባንዶች ጥሩምባው ዜማውን ይመራል፣ ትሮምቦኑ ከታች ይጎትታል፣ ክላርኔቱ በመሃላቸውና በላያቸው እየተጠማዘዘ ይሸምናል። ሲድኒ ቤሼ በክላርኔት ጀምሮ ወደ ሶፕራኖ ሳክስፎን ያጋደለ ሰው ነው፤ የጋሽ ጌታቸውም መንገድ ወደዚያው ነው። ምክንያቱ ቀላል ይመስለኛል። ክላርኔት ትሑት ነው፤ ከሌሎች ጋር ይሸምናል። ሳክስፎን ድምፁ ሰፊ ነው፤ ማይክራፎን ባልተመቸበት አዳራሽ ፊት ወጥቶ ብቻውን ለመቆም ይሻላል። ሽለላም ፊት ወጥቶ ብቻውን የሚቆም ነገር ነው።

ሳክስፎን ከስሞቹ ሁሉ ትዕቢተኛው ነው። ከግስም ከጠባይም አልወጣም፤ ከሰው ነው። አዶልፍ ሳክስ የተባለ ቤልጂጋዊ መጀመሪያ ባስ ክላርኔትን አሻሻለ፤ ከዚያ የክላርኔትን አፍ በተለጠጠ የነሐስ ቱቦ ላይ ገጥሞ እ.ኤ.አ. በ1846 ፓሪስ ላይ በስሙ አስመዘገበው። ፎን የግሪክ ፎኔ፣ ድምፅ ነው፦ የሳክስ ድምፅ። የነሐስ ይመስላል እንጂ ሪድ ስላለው ከእንጨት መሣሪያዎች ወገን ይቆጠራል፤ የክላርኔት ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጋሽ ጌታቸው በ1970ዎቹ መባቻ (እ.ኤ.አ.) ለፊሊፕስ ያወጡት ሸክላ ላይ «የኢትዮጵያ ሳክስ ንጉሥ» ተብለው ሲጻፉ የሳክስ ስም ከሸዋ ማዕርግ ጋር ተጋጠመ። የሸዋ መስፍን ቀድሞ መርዕድ አዝማች ይባል ነበር፤ ንጉሥ የሚለውን ለራሳቸው ያደረጉት ሣህለ ሥላሴ ናቸው። የነግሠ ዕብራይስጥ ዘመዱ ናጋስ አስጨነቀ፣ ግብር አስገበረ ማለት ነው። ሽለላውን የሰማ ሰው ትርጉሙ ብዙ አይርቅበትም።

ያ ሸክላ ኋላ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጁት የኢትዮፒክስ ተከታታይ 14ኛ ቁጥር ሆኖ ታተመ። የኔዘርላንዱ «ዘ ኤክስ» ባንድ ያን ሰምቶ እ.ኤ.አ. በ2004 አምስተርዳም ላይ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጋሽ ጌታቸውን ጋበዘ፤ በ2006 አብረው «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም አወጡ። እዚያ ላይ ክላርኔቱን የያዘው ዣቪየ ሻርል የተባለ ፈረንሳዊ ነው። የአልበሙ ስም የነገሥታቱ የማኅተም ቃል መጀመሪያ ነው። ውጭ አገር «አሸናፊው አንበሳ» እየተባለ ይተረጎማል፤ ነገር ግን ሞአ ቅጽል አይደለም፣ ግስ ነው። የዮሐንስ ራእይ ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ ድል ነሣ ይላል፤ ነገሩ አልቋል፣ ተፈጽሟል ማለት ነው። አማርኛ ሞአን ከዕለት ንግግሩ ጥሎታል፤ ስሞች ላይና ማኅተም ላይ ቀርቷል፤ ከአምስተርዳም የወጣ ሸክላ ላይ ደግሞ ተገኘ።

ጋሽ ጌታቸው መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. በ81 ዓመታቸው ዐረፉ። የስም ብድሩ ግን ወደዚያ ማዶም መሄድ ጀምሯል። ፓሪስ ውስጥ የኢትዮጵያን ሙዚቃ የሚጫወቱ ፈረንሳውያን ባንዳቸውን «አካሌ ውቤ» ብለው ሰየሙት፤ ከእሳቸው ዜማዎች የአንዱን ስም ወስደው ነው። ፈረንሳዮቹ ስሙን በራሳቸው ፊደል ሲጽፉ ከሁለቱም ቃላት መጨረሻ ላይ ጭረት ሰክተዋል፤ ያለ ጭረቷ የአገራቸው ሰው የቃሉን መጨረሻ ይውጠውና «አካል» ብሎ ያነበዋል፣ እሱም አማርኛ ነው።